ስለ ጊታር ድምፅ መለወጫ ሳጥን፤ ሳይመረምሩም መፍረድ እንደማይገባ

ዳኛ ከሳሹን ብቻ ሰምቶ ቢፈርድ ፍርዱ ጎደሎ ነው፤ ምስክሩን ሳይጠይቅ ቢፈርድ ግን ከነጭራሹ ፍርድ አይባልም። ይህ ነገር ለችሎት ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በየቤታችን ሳንጠይቅ የምንኮንነው ስንት ነገር አለ! አንድ ዕቃ ሥራውን ቢያቆም «ተበላሽቷል» ብለን ወደ ጓዳ እንጥለዋለን። አንድ ልጅ የጀመረው ሥራ ባይሳካለት «ይህ ላንተ የሚሆን አይደለም» ብለን ተስፋውን እንቆርጥበታለን። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምንጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ሳጥኒቱ በጊታርና በድምፅ ማጉያ መካከል ተቀምጣ የጊታሩን ድምፅ የምትለውጥ፤ በእግር የምትረገጥ፤ ትጉህ ወጣት በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሊሠራት የሚቻለው ናት። አሠራርዋንም፤ ዝም ባለች ጊዜም የምትመረመርበትን መንገድ በተቻለን መጠን እናስረዳለን።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ «ይህ የወጣቶች ጨዋታ ለእኛ ምን ይረባናል?» ይል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ዛሬ ቤታችንን የሚያበራውም፤ ወሬ የሚያሰማንም፤ እህላችንን የሚፈጭልንም ኤሌክትሪክ ነው። ከእርሱ ጋራ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚሠራበትን ሕግ ጥቂት እንኳ ቢያውቅ መልካም ነው። ይህችም ሳጥን በአንድ ትንሽ ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ስለ ሆነች ያለ ብዙ ወጪና ያለ ብዙ አደጋ ትምህርት የሚገኝባት ናት። ደግሞም በ11 ዕቃዎች መካከል የተሸሸገውን ጉድለት በትዕግሥት ፈልጎ ማግኘት የለመደ ልጅ ካደገ በኋላ በ1,000 ገጽ መዝገብ ውስጥ የተሸሸገውን ስሕተት መፈለግ አይታክተውም።

አስቀድመን ስለ ድምፁ እንናገር። የጊታር ክር በተመታ ጊዜ ከክሩ በታች ያለው ማግኔትና የተጠመጠመው ሽቦ የክሩን መንቀጥቀጥ ወደ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። ይህም ኤሌክትሪክ እንደ ባሕር ሞገድ ከፍና ዝቅ ይላል። ሳጥኒቱ ይህን ሞገድ ተቀብላ እጅግ ታሳድገዋለች፤ ነገር ግን ኃይልዋ ከ9 ቮልት ባትሪ ስለማይበልጥ ሞገዱ ከዚያ ልክ አልፎ ሊያድግ አይችልም። ወንዝ ሞልቶ በዝቅተኛ ድልድይ ሥር ሲያልፍ ላዩ በድልድዩ እንደሚታገድ፤ የሞገዱም ጫፍ እንዲሁ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በፊት ለስላሳ የነበረው ድምፅ ሻካራና ነዛሪ ሆኖ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይጠፋ ይሰማል። ፈረንጆች ይህን ድምፅ «ፈዝ» ይሉታል።

ይህ ሻካራ ድምፅ ለጆሮአችን እንግዳ የሚመስለው ሰው ቢኖር የበገናን አሠራር ያስታውስ። በ10ሩ የበገና አውታሮችና በርኩማ በሚባለው መደገፊያቸው መካከል ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ እነዚህም እንዚራ ይባላሉ። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ስለሚንቀጠቀጥ ያ ሁላችን የምናውቀው፤ ከደረት የሚገባ ንዝረት ይወጣል። ቆዳው ቢነሣ ድምፁ ይጠራል፤ ነገር ግን ያ የበገናነት ጠባዩ ይቀራል። እንግዲህ አባቶቻችን በቆዳ ያደረጉትን ሌሎች በኋላ ዘመን በኤሌክትሪክ አደረጉት ብንል ከእውነት አንርቅም። መንገዱ ግን ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ በቆዳ መንካት፤ ሌላው በኤሌክትሪክ ሞገድ መቆረጥ ነው።

የዚህም የኤሌክትሪክ ድምፅ አመጣጥ ለጽሑፋችን ርእስ ምስክር ይሆነናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1961 በአሜሪካ አገር ማርቲ ሮቢንስ የተባለው ዘፋኝ «ዶንት ወሪ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ በናሽቪል ከተማ በተቀረጸ ጊዜ ግሬዲ ማርቲን የሚመታው የባስ ጊታር ድምፅ የሚያልፍበት የመቅረጫው መሣሪያ አንዱ ክፍል ጉድለት ነበረበትና ድምፁ ተሰነጣጥቆ ወጣ። ሰዎቹ ግን ይህን እንደ ጥፋት ቈጥረው አልጣሉትም፤ በዘፈኑ ውስጥ እንዲቀር አደረጉት። ግሌን ስኖዲ የተባለው የድምፅ መሐንዲስም የጉድለቱን ነገር መርምሮ፤ ያንኑ ድምፅ በፈቃድ የሚያወጣ መሣሪያ በትራንዚስተር ሠራ። የጊብሰን ኩባንያ በ1962 መሣሪያውን «ማኤስትሮ ፈዝ ቶን» ብሎ ለገበያ አቀረበው። በመጀመሪያ ገዢው ጥቂት ነበረ፤ በ1965 ግን የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር መቺ ኪት ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» በተባለው ዘፈን ስለ ተጠቀመበት ዝናው በዓለም ተሰማ። በ1966 ደግሞ በለንደን ከተማ የአርቢተር ኩባንያ «ፈዝ ፌስ» የሚባለውን ክብ መርገጫ አወጣ፤ ዝነኛው ጂሚ ሄንድሪክስም ይጠቀምበት ነበር። እነሆ፤ ያ የተሰነጠቀ ድምፅ በመጀመሪያው ቀን ሳይመረመር ተኰንኖ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተገኘም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለጀማሪ የምንመክረው ይህንኑ የፈዝ ፌስን ዐይነት ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃዎቹ ጥቂት ስለ ሆኑ ነው። በሰሌዳውና በሳጥኑ ላይ የሚሠሩት ዋኖቹ 11 ናቸው። እነርሱም የሲሊኮን ትራንዚስተር 2፤ ሬዚስተር 4፤ ካፓሲተር 3፤ በጣት የሚዞር መቈጣጠሪያ 2 ናቸው። ሬዚስተሮቹ ባለ 33,000፤ ባለ 100,000፤ ባለ 8,200ና ባለ 330 ኦም ናቸው። ካፓሲተሮቹ ባለ 2.2፤ ባለ 22ና ባለ 0.01 ማይክሮፋራድ ናቸው። ከመቈጣጠሪያዎቹ ባለ 1,000 ኦሙ የሻካራነቱን መጠን፤ ባለ 500,000 ኦሙ የድምፁን ከፍታ ይወስናል። ከነዚህ ሌላ የጊታር ገመድ የሚሰካባቸው 2 ጃኮች፤ የእግር ማብሪያ፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፤ ቀጭን ሽቦ፤ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳና ከብረት የተሠራ ሳጥን ያስፈልጋሉ።

የድምፁ ጉዞ እንዲህ ነው። ከጊታሩ የመጣው ደካማ ኤሌክትሪክ በባለ 2.2 ካፓሲተር አልፎ ወደ ፊተኛው ትራንዚስተር ይገባል። ይህ ትራንዚስተር ያሳድግና ለሁለተኛው ያስረክበዋል። ሁለተኛውም እንደ ገና ያሳድገዋል፤ የሞገዱም ጫፍ የሚቆረጠው በዚህ ነው። ከዚያ በባለ 0.01 ካፓሲተር ወጥቶ በድምፅ ከፍታ መቈጣጠሪያው በኩል ወደ ማጉያው ይሄዳል። ሥራው እንደ መልእክተኞች ቅብብሎሽ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር ደብዳቤው አይደርስም። ይህን ጉዞ በልቡ ያልያዘ ሠራተኛ ሳጥኒቱ ዝም ባለች ጊዜ ከየት እንደሚጀምር አያውቅምና፤ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ሥዕሉን ሦስትና አራት ጊዜ በእጁ ቢገለብጠው ይጠቅመዋል።

በመሥራት ጊዜ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። 1ኛ፤ የትራንዚስተር እግሮች ሦስት ሲሆኑ ኤሚተር፤ ቤዝና ኮሌክተር ይባላሉ፤ አቀማመጣቸውም በየዐይነቱ ይለያያል። ጠፍጣፋውን ፊት ወደ እኛ አዙረን ብንይዝ ቢሲ 547 የሚባለው ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፤ ቤዝ፤ ኤሚተር ነው። 2ኤን3904 የሚባለው ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ ኤሚተር፤ ቤዝ፤ ኮሌክተር። መልካቸው አንድ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። 2ኛ፤ ባለ 22ና ባለ 2.2 ካፓሲተሮች በብዛት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እግር ያላቸው ናቸው፤ የኔጌቲቩ እግር በገላቸው ላይ ምልክት አለበት፤ ተገልብጦ መግባት የለበትም። 3ኛ፤ አንዳንዱ ሥዕል ለጥንቱ ለጀርማንየም ትራንዚስተር የተሣለ ስለ ሆነ የባትሪው አገባብ የተገለበጠ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ለየትኛው ዐይነት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነበብ።

ስለ ብየዳም ጥቂት እንበል። የጋለው ብረት እርሳሱን ሳይሆን እግሩንና ሰሌዳውን በአንድነት ማሞቅ አለበት፤ እርሳሱም ከሞቀው ዕቃ ላይ ራሱ ቀልጦ ይፈስሳል። በብረቱ ጫፍ ላይ ቀልጦ የተንጠባጠበ እርሳስ ላዩን የያዘ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን አልያዘም። ይህንን ባለሙያዎች ቀዝቃዛ ብየዳ ይሉታል። እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ በችሎት ቆሞ ይታያል፤ ሲጠየቅ ግን ቃል የለውም።

እንግዲህ ሥራው አለቀ፤ ጊታሩ ተሰካ፤ ሳጥኒቱ ተረገጠች፤ ነገር ግን ድምፅ የለም እንበል። ይህ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ዝም የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ምርመራው በሚከተለው ሥርዓት ይሂድ።

1ኛ፤ ባትሪው ይጠየቅ። በቴስተር ሲለካ 9 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት። ደግሞ በብዙዎቹ አሠራር የባትሪው ኔጌቲቭ የሚያልፈው በመግቢያው ጃክ ውስጥ ነው፤ የጊታሩ ገመድ ካልተሰካ ሳጥኒቱ ኃይል አታገኝም። ይህም ባትሪው ሳይሠራ እንዳያልቅ የተደረገ ብልሃት ነው። ገመዱን ሳይሰካ የሚለካ ሰው ደኅናውን ዕቃ ሙት ነው ብሎ ይፈርድበታል።

2ኛ፤ ማብሪያው ይጠየቅ። ሳጥኒቱ ባልተረገጠች ጊዜ የጊታሩ ንጹሕ ድምፅ ያልፋልን? ካላለፈ ጥፋቱ ከገመዱ፤ ከጃኮቹ ወይም ከማብሪያው ነው እንጂ ከትራንዚስተሮቹ አይደለም። ካለፈ ግን ምርመራው ወደ ሰሌዳው ይግባ።

3ኛ፤ ዐይን ይመስክር። ሰሌዳውን በብርሃን ሥር አድርጎ ከሥዕሉ ጋራ እግር በእግር ማስተያየት ነው። ሁለት ነጥቦችን ያለ ፈቃድ ያገናኘ የእርሳስ ጠብታ፤ ያልተበየደ እግር፤ የተገለበጠ ትራንዚስተር በዚህ ይገኛል።

4ኛ፤ ቴስተሩ ይመስክር። ጥቁሩን መንኪያ በኔጌቲቩ ላይ አድርጎ በቀዩ የየእግሩን ቮልት መለካት ነው። የፊተኛው ትራንዚስተር ቤዝ 0.6 ያህል፤ ኮሌክተሩ 1.3 ያህል ቢያሳይ መልካም ነው። የሁለተኛው ኮሌክተር የባትሪው ግማሽ፤ ማለት 4.5 አጠገብ ቢሆን ይወደዳል። ጥቂት ቢያንስ ወይም ቢበዛ ባለ 8,200 ኦሙን ሬዚስተር በሌላ መጠን በመለወጥ ይስተካከላል። ወደ 1 ቮልት ቢወርድ የፊተኛው ትራንዚስተር ሥራውን እንዳልሠራ ያስጠረጥራል። ወደ 9 ቢወጣ ደግሞ በሁለተኛው ትራንዚስተር ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደማይሄድ ያስረዳል።

5ኛ፤ ጆሮ ይመስክር። ከማጉያው በመጣ ገመድ ጫፍ ላይ ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስሮ፤ የማጉያውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ፤ ሌላ ሰው ጊታሩን ሲመታ ጫፉን ከመግቢያው ጀምሮ በየተራ ማስነካት ነው። ድምፁ እስከ ተሰማበት ድረስ መንገዱ ደኅና ነው፤ በጠፋበት ስፍራና ከዚያ በፊት በተሰማበት ስፍራ መካከል ወንጀለኛው አለ። የገመዱም ውጪኛ ሽቦ ከሳጥኒቱ ኔጌቲቭ ጋራ መገናኘቱ አይረሳ።

6ኛ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተለካውም ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሳጥኒቱ ብትናገር እንኳ ያናገራት የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም።

ይህ ሥርዓት ምን ያህል እንደሚጠቅም በምናውቀው አንድ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ ወጣት ይህችኑ ሳጥን ሠርቶ ዝም አለችበት። ወዲያው «ትራንዚስተሩ ነው» ብሎ ፈረደና ሌላ ገዛ፤ አልተናገረችም። ሁለተኛም ሦስተኛም ገዛ፤ እንደ ፊተኛው ሆነ። ገንዘቡ ያለቀበትን፤ ትምህርቱም የተጓደለበትን ያዩት አባቱ አንድ ቀን ጠርተው፤ «ልጄ፤ ይህ ነገር ጊዜህን በላው። እስከ እሑድ ድረስ ካልሆነልህ ጊታሩ ይሸጥና መጽሐፍ ይገዛልህ» አሉት። አባትየው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለልጃቸው ያሰቡ መስሏቸው ነው። ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ ከምግቡም ከጨዋታውም ተለየ።

የሒሳብ መዝገብ በመያዝ የምትተዳደር ታላቅ እኅት ነበረችው። ስለ ኤሌክትሪክ አንዳች አታውቅም፤ ነገር ግን ሒሳብ ሲጎድል እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃለች። ቅዳሜ ማታ ሥዕሉን ከፊቷ ዘርግታ «እኔ ላንብብ፤ አንተ ለካ፤ ያየኸውን ቁጥር ንገረኝ፤ እጽፈዋለሁ» አለችው። «እትዬ፤ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ» ቢላትም «አይተኸው ይሆናል፤ አልጻፍኸውም» ብላ መለሰችለት። የፊተኛው ትራንዚስተር ቁጥሮች ደኅና ሆኑ። የሁለተኛው ኮሌክተር ግን 8.9 ቮልት አሳየ። እኅቲቱም «ከዚህ በፊት በነበሩት ትራንዚስተሮችስ ስንት ነበረ?» ብላ ጠየቀችው። ያንኑ ያህል እንደ ነበረ ትዝ አለው። «እንግዲያማ ሰው በተለወጠ ቁጥር ሒሳቡ እዚያው ላይ የሚጎድል ከሆነ ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለም፤ ከሣጥኑ ነው» አለች።

ይህ ቃል ዐይኑን ከፈተለት። ትራንዚስተሩ ካልሆነ ኤሌክትሪኩ ከትራንዚስተሩ ወጥቶ የሚሄድበት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው። ባትሪውን ነቅሎ ከሁለተኛው ኤሚተር እስከ ኔጌቲቭ ያለውን በኦም ለካ። በባለ 1,000 ኦሙ መቈጣጠሪያ በኩል 1,000 ያህል ማሳየት ሲገባው ቴስተሩ ከዚያ እጅግ የራቀ ቁጥር አሳየ። የመቈጣጠሪያው እግር ከኔጌቲቩ ሽቦ ጋራ የተገናኘበት ብየዳ ላዩን ያበራል፤ በጥፍር ሲነካ ግን ይነቃነቃል። እንደ ገና አሙቆ በየደው፤ ኮሌክተሩ ወደ 4 ቮልት ያህል ወረደ፤ ሳጥኒቱም ተናገረች። አባትየው ድምፁን ሰምተው ከመኝታቸው ተነሥተው መጡና ያቺን ነጥብ እንዲያሳይዋቸው ጠየቁ። መነጽራቸውንም አድርገው ብዙ ጊዜ ከተመለከቷት በኋላ «ይህችን የምታህል ነጥብ ናት ልጄን ሳምንት ሙሉ ያስለቀሰችው?» አሉ። ጊታሩም ከዚያ ወዲያ ይሸጥ አልተባለም።

ከዚህ በኋላ ለወላጆች የምንነግረው ምክር አለን። ልጁ በባለ 9 ቮልት ባትሪ ብቻ ይሥራ፤ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ከቶ አይንካ። የድምፅ ማጉያው ሣጥን ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ገዳይ ኃይል ይዞ ሊቈይ ስለሚችል፤ ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም አይክፈተው። የመበየጃው ብረት ጫፍ እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላልና በማስቀመጫው ላይ ይዋል፤ ሕፃናትም አይቅረቡት። የብየዳው ጢስ ሳንባን ስለሚያስቈጣ መስኮት ይከፈት። በብዙው የብየዳ ሽቦ ውስጥ መርዛማ የሆነው እርሳስ አለበትና፤ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እህል አይቀመስ፤ ሥራውም በማዕድ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ጠረጴዛው አስቀድሞ በወረቀት ይሸፈን፤ በኋላም ይታጠብ። የሚቆረጡት የሽቦ ጫፎች ወደ ዐይን ስለሚፈናጠሩ መነጽር ማድረግ ይገባል። ለትምህርትና ለዚህ ሥራ የሚሆነውም ሰዓት ተለይቶ ይወሰን፤ ሁለቱ እንዳይጣሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልጁ «አልሆነልኝም» ብሎ በመጣ ጊዜ ወላጅ የሚመልስለት ቃል ትልቅ ነገር ነው። «ተወው» ማለት ቀላል ነው፤ ገንዘብም አያስወጣ፤ ጊዜም አይፈጅ። ነገር ግን ልጁ የሚማረው ዝም ያለ ነገር ሁሉ ሙት እንደ ሆነ ነው። «እስቲ ከየት እስከ የት ድረስ ደኅና እንደ ሆነ አሳየኝ» ማለት ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። እንዲህ ብሎ ለመጠየቅም ስለ ትራንዚስተር ማወቅ አያስፈልግም። ይህን ጥያቄ የለመደ ልጅ በኋላ ሹመት ቢያገኝ፤ ወይም በሰው ላይ የሚፈርድበት ወንበር ቢሰጠው፤ በፊቱ ቆሞ የሚንተባተበውን ድኻ ሳይጠይቅ አይኰንነውም።